ይድረስ ለዕቁቡ ጸሐፊ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የልጅ ልጅዎ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ እርስዎን ሆናለች።

ባለፈው እሑድ ስልኩ የተቋረጠው ጥያቄዎ ላይ ነበር። «ለስድስት ዓመት ልጅ የኮሌጅ ገንዘብ? ደግሞስ ግብር የማይነካው ገንዘብ የት አገር ነው ያለው?» አሉኝ። መልሼ ብደውል ኔትወርኩ እምቢ አለ። እርስዎም ቁጥር በወረቀት ካላዩ አያምኑምና ጻፍኩት።

መጀመሪያ ግን የደበቅኩዎት ነገር አለ። ልጅቷ ዓመት ሳይሞላት አንድ የምናውቀው ሰው ቤት መጣ። ያገር ልጅ ነው፤ ቡና አፈላሁለት። «ለኮሌጇ ይሆናል» ብሎ የሕይወት ኢንሹራንስ አስፈረመኝ። በወር 200 ዶላር። ውሉ ሠላሳ ምናምን ገጽ ነው። እሱ በአማርኛ ባምስት ደቂቃ ጨረሰው፤ እኔም አመንኩት። በ22ኛው ወር ከበደኝና ላቋርጥ አልኩ። የከፈልኩት 4,400 ዶላር፣ የተመለሰልኝ 610። ሌላውን ኮሚሽኑና የኢንሹራንሱ ወጪ በልቶታል። ሰረቀኝ አልልም፤ ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው ያልነገርኩዎ።

ያን ቀን እርስዎ ትዝ አሉኝ። ቅዳሜ ማታ ሰማያዊውን ደብተር በማስመሪያ እያሰመሩ፣ አዲስ ሰው ዕቁቡ ልግባ ሲል የሚሉት። «ሳትገባ ሦስት ነገር ጠይቀኝ። ገንዘቡ ማን እጅ ይቀመጣል? ቢጎድል ማን ይጠየቃል? ልውጣ ያለ ምን ይዞ ይወጣል?» በኋላ ለልጅቷ ኮሌጅ ለከፈትኩት አዲስ ሒሳብ እነዚህኑ ጠየቅኩለት።

ስሙ «ፋይቭ ትዌንቲ ናይን» ነው፤ 529። በእነሱ አቆጣጠር በ1996 የወጣ ነው፤ ቁጥሩ የግብር ሕጉ አንቀጽ ነው። በየስቴቱ ማለት ይቻላል የየራሱ አለ። የሜሪላንዱን ባልቲሞር ያለው ቲ ሮው ፕራይስ የሚባል የገንዘብ ድርጅት ያስተዳድረዋል። ሒሳቡ በእኔ ስም ነው፤ እሷ ተጠቃሚ ናት። 18 ዓመት ሞላኝ ብላ አውጥታ መኪና መግዛት አትችልም። ይህቺን እንደሚወዷት አውቃለሁ።

ግብሩ እንዲህ ነው። የማስገባው ግብር የተከፈለበት ደመወዜ ነው። ነፃ የሚሆነው ትርፉ ነው። ገንዘቡ በአክሲዮንና በቦንድ ይሠራል። ያተረፈው ለኮሌጅ ክፍያ፣ ለመጽሐፍ፣ ለማደሪያና ለምግብ፣ ለኮምፒውተር ከወጣ ፌዴራሉም ሜሪላንድም አይነኩትም። ከዚያ ሌላ ሜሪላንድ ያስገባሁትን፣ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ድረስ፣ ግብር ከሚታሰብበት ገቢዬ ላይ ትቀንስልኛለች። እኔ በወር 150፣ በዓመት 1,800 ነው የማስገባው። ለስቴቱና ለካውንቲው (እንደ ወረዳ ነው) ከምከፍለው ግብር ወደ 140 ዶላር ይቀርልኛል። ትንሽ ናት፤ ግን በየዓመቱ ናት።

ቢጎድል ማን ይጠየቃል? ማንም። እዚህ ላይ ዕቁብዎ ይበልጣል፤ ይሄ ዋስ የለውም። አንድ ወር ከፍቼ ሳየው ካስገባሁት በታች ወርዷል። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የመረጥኩት የሒሳብ ዓይነት፣ ልጅቷ ለኮሌጅ በተቃረበች ቁጥር አክሲዮኑን እየቀነሰ ቦንዱን ያበዛል። አሁን በሦስት ወር አንዴ ብቻ ነው የማየው። ባለቤቴ ግን በየማታው ነው።

«ባትማርስ?» ብለው ነበር። ያስገባሁት የራሴ ነው፤ ቅጣት የለውም። ትርፉ ላይ ግን ግብርና 10 በመቶ ቅጣት አለ፤ ሜሪላንድም የቀነሰችልኝን ታስመልሳለች። ከዚያ ይልቅ የተጠቃሚውን ስም ወደ ሌላ ቤተሰብ ማዛወር ይቻላል። ወደ እኔም ቢሆን፤ ማን ያውቃል፣ ነርሲንጉን እጨርሰው ይሆናል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ሒሳቡ 15 ዓመት ከሞላው፣ በየዓመቱ በተወሰነ ልክ፣ በጠቅላላው እስከ 35,000 ዶላር ወደ ተጠቃሚው የጡረታ ቁጠባ ይዞራል። ለጥርሰ ወላቃ ልጅ ጡረታ! ይሳቁ እንጂ።

የወንድሜን ልጅ ማስገባት ግን አልተቻለም። ተጠቃሚው የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የግብር መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። የሱን የትምህርት ቤት ክፍያ እንደ በፊቱ እልካለሁ፤ ለዚህ ብዬ የቀነስኩት ነገር የለም።

«አንቺ በምን ተማርሽ?» እንዳይሉኝ። እኔ ኮስት ሼሪንግ ፈርሜ ገባሁ፤ ዶርሙም ካፌውም እዚያው ነበር። እርስዎ ከዕቁቡ ሻንጣና ብርድ ልብስ ገዙልኝ። እዚህ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጅ ፓርክ ያለው፣ ለሜሪላንድ ነዋሪ እንኳ ትምህርቱ ብቻ በዓመት ከ11,000 ዶላር በላይ ነው። ማደሪያና ምግብ ሲጨመር 25,000 ያልፋል። የእኔ 150 ያን አይሞላም። ብድሯን ያሳንስላታል፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነው።

ለልደቷ ልላክ ያሉትን ብር አይላኩ። ይልቅ ዓይንዎን ይታዩበት። አዲሱን መነጽር በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ፤ የመነጽሩ ማኅደር ውስጥ ጨርቅ አለ፣ በነጠላ አይጥረጉት። ሰማያዊውን ደብተር እንዳይጥሉብኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁበትን ዓመት ገጽ እህቴ በስልኳ አንስታ ትላክልኝ። ሻንጣው ስንት እንደነበር ማየት እፈልጋለሁ።

ልጅዎ