ኤሚት ስሚዝን ትልቅ ያደረገው ፍጥነት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው የስፖርት ዓምድ አዘጋጅ
ደሴ

ጤና ይስጥልን። በስፖርት ዓምዳችሁ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ኤሚት ስሚዝ የወጣውን ጽሑፍ ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ ተማሪዎች ተቀባብለው አንብበውታል። ስለ አሜሪካ ፉትቦል በአማርኛ መጻፉ ደስ አሰኝቶናል። ነገር ግን ጽሑፉ የሰውየውን ዝና ያሳበበው በፍጥነቱ ላይ ነው፤ ይህ ትክክል አይደለም። ስህተቱም ወረቀት ላይ አልቀረም። ልጆቹ ኳስ አቅፎ፣ አንገት ደፍቶ መፈትለክ ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ ወደ ፊት የሚሮጥ ተጫዋች) የሚያደርግ መስሏቸው ሜዳ ላይ እርስ በርስ እየተላተሙ ነው። ስለዚህ ሥራው ምን እንደሆነ በዝርዝር ብንጽፍ ይሻላል ብለናል። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስሚዝ በ1969 ፍሎሪዳ ውስጥ ፔንሳኮላ ተወለደ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 አካባቢ ነው። በ1990 ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ሲመርጡ፣ አጭር ነው፣ ፍጥነትም ይጎድለዋል ተብሎ 16 ተጫዋቾች ከእሱ በፊት ተመረጡ፤ ዳላስ ካውቦይስ የተባለው ቡድን 17ኛ አድርጎ ወሰደው። ከዚያ በ15 የውድድር ዘመን 18,355 ያርድ ሮጠ። እስካሁን ማንም አልደረሰበትም። ወደ እኛ መለኪያ ሲመጣ 16.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደሴ እንኳ አያደርስም። ይህን መንገድ የጨረሰው ኳሷን 4,409 ጊዜ ይዞ ነው። አካፍሉት፦ በአንድ ጊዜ 4.2 ያርድ፣ 3 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ግድም ይመጣል። በአራት እርምጃ ውስጥ ሰው ላይ ወድቆ የሚያልቅ ሩጫ ነው።

ታዲያ ይህ ለምን ይበቃል? አጥቂው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ከ14፣ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከተሳካ አራቱ ሙከራ እንደገና ይታደሳል። በሦስት ሙከራ አራት አራት ያርድ የሚያመጣ ሰው ያለው ቡድን ኳሷን አይለቅም። አንዴ 30 ያርድ በርሮ ቀጥሎ ሁለቴ ወደ ኋላ የሚመለስ ግን አሠልጣኙን እንቅልፍ ይነሳዋል። የስሚዝ ችሎታ ወደ ኋላ አለመመለስ ነበር።

ሥራው የሚጀምረው ከኳስ አቀባበል ነው። ራኒንግ ባክ ኳሷን አያያትም፤ ዓይኑ ያለው ሊገባበት ባሰበው ክፍተት ላይ ነው። ለኳርተርባኩ (አጥቂውን ቡድን ለሚመራውና ኳሷን ለሚያቀብለው ተጫዋች) የሚቀርበው ክንዱ በደረት ልክ አግድም ይጋደማል፣ የሌላው እጁ መዳፍ ደግሞ ወደ ላይ ዞሮ ሆዱ ላይ ይዘረጋል። ኳሷ በመካከል ስትገባ ሁለቱ ክንዶች ይዘጋሉ። ጀማሪ የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው፦ ወይ የቀረበውን ክርን ያወርድና ኳሷ ክርኑን መትታ ትወድቃለች፣ ወይ በእጁ ሊቀበል ይንጠራራል።

ከገባች በኋላ በአምስት ቦታ ትያዛለች፦ ጣቶች ሹል ጫፏን ያቅፋሉ፣ መዳፍ፣ ክንድ፣ የላይኛው ክንድ ጡንቻ፣ ከዚያ ደረት። ከአምስቱ አንዱ ከላላ አየር ይገባል፤ አየር የገባበት ቦታ የተከላካይ ጡጫም ይገባበታል። ሜዳው ጠርዝ ላይ ሲሮጥ ኳሷ በውጪው እጅ መሆን አለባት፣ ሰው መሃል ሲገባ በሁለቱም። የኒው ዮርክ ጃይንትሱ ቲኪ ባርበር በ2003 ኳሷን 9 ጊዜ ጣለ። በ2004 ቶም ኮግሊን አሠልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ኳሷን ከጎድኑ አንስቶ ወደ ደረቱ ከፍ አድርጎ፣ አንጓው ከክርኑ በላይ ሆኖ እንዲይዝ አደረጉት። በ2005 1,860 ያርድ ሮጦ የጣለው አንዴ ብቻ ነው። እግሩ ያው እግር ነበር።

ለልምምድ የፋብሪካ ኳስ አያስፈልግም። ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ርዝመቱን 28 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱን 400 ግራም አካባቢ ማድረስ፣ ሁለቱን ጫፎች በክር ሾል አድርጎ ማሰር ይበቃል። እየተራመዱ 50 ጊዜ መቀበል፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ በመጨረሻ ሩጫ። በዚህ ቅደም ተከተል ካልሆነ ስህተቱ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይለመዳል።

ቀጥሎ ያለው ትዕግሥት ነው፤ ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልነካው ይህን ነው። ከፊት አምስት ግዙፍ መንገድ ከፋቾች አሉ። በስሚዝ ዘመን ከነሱ ሌላ ዳሪል ጆንስተን የሚባል ፉልባክ ቀድሞት እየገባ ተከላካዩን ያነሳለት ነበር። ሯጩ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ዝግ ብሎ ይረግጥና ተከላካዩ ወደ አንድ ወገን እንዲያዘነብል ይጠብቃል። ሲያዘነብል አንድ ጊዜ ብቻ ይታጠፋል፣ ከዚያ ወደ ፊት። የቸኮለ የራሱ ሰው ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ የዘገየ ወይም ግራ ቀኝ የጨፈረ ይያዛል። ጉግስ ያየ የወሎ ሰው ይህ አይጠፋውም። ተባራሪው ፈረሰኛ ፈረሱን ስላስጋለበ ብቻ አይድንም፤ ዘንጉ መቼ እንደሚወረወር አይቶ ጋሻውን በሰዓቱ ማዞር አለበት።

ሌላም የማይታይ ሥራ አለ። ኳርተርባኩ ሊወረውር ሲል ራኒንግ ባክ ጠባቂ ይሆናል፤ እየተንደረደረ የሚመጣውን፣ ብዙ ጊዜም ከእሱ የሚከብደውን ሰው ፊት ለፊት ማቆም አለበት። ጨዋታው ሳይጀመር ማን እንደሚመጣ ማወቅ፣ ጉልበት አጠፍ፣ ጀርባ ቀጥ፣ ሁለት እጅ በሚመጣው ሰው ደረት ላይ፣ ራስ ቀና። ጎበዝ ሯጭ ሆነው ይህን ባለማወቃቸው ወንበር ላይ የሚቀመጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ኳርተርባኩን ያስመታ ሰው አይሰለፍምና።

የዚህ ሙያ ዕድሜ የሚለካው በዓመት ሳይሆን በምት ነው። ኳስ በተያዘ ቁጥር መመታት አለ። ስሚዝ በጥር 1994 ከጃይንትስ ጋር ሲጫወት በመጀመሪያው አጋማሽ የትከሻው መገጣጠሚያ ተለያየ። እንደዚያ ሆኖ ኳሷን 32 ጊዜ ይዞ 168 ያርድ ሮጠ፣ 10 ኳስ ተቀበለ፣ ቡድኑም በተጨማሪ ሰዓት 16 ለ 13 አሸነፈ። ጀግንነት ነው ብንል ማንም አይቃወመንም። ግን ትከሻው የተለያየ ልጅ ይህን አንብቦ እንዲጫወት አንፈልግም። ተሬል ዴቪስ በ1998 2,008 ያርድ ሮጦ በቀጣዩ ዓመት ጉልበቱ ተበጠሰ፤ ከዚያ ወዲያ የቀድሞው ሰው አልሆነም፣ ጠቅላላ ሩጫው 7,607 ላይ ቆመ። ኤድሪያን ፒተርሰን በታኅሣሥ 2011 የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ በ2012 2,097 ያርድ ሮጧል፤ ጋዜጦች የሚወዱት የሱን ታሪክ ነው። እሱ ግን ከብዙዎች መካከል የወጣ አንድ ሰው ነው።

ጉልበት የሚበጠሰው ሁልጊዜ በግጭት አይደለም። እግር መሬት ላይ ተጣብቆ ሰውነት ሲዞር፣ በጉልበት ውስጥ ተሻግሮ የሚያልፈው ጅማት ይበጠሳል። በክረምት ዋልካ አፈር ላይ ረጅም ጥርስ ባለው ጫማ ድንገት መታጠፍን የምንከለክለው ለዚህ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ሜዳ ለመመለስ ከ9 እስከ 12 ወር ይጠይቃል፤ ያለ ሐኪም ክትትል ደግሞ መሞከር የለበትም።

ገንዘቡም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከምርጫ የገባ ተጫዋች የመጀመሪያ ውሉ አራት ዓመት ነው። ጡረታ ለማግኘት ሦስት የተቆጠሩለት የውድድር ዘመናት ያስፈልጉታል፤ ብዙዎች እዚያ ሳይደርሱ ይሰናበታሉ። የደረሱትም ሁለተኛውን፣ ትልቁን ውል ሲጠይቁ እግራቸው አብዛኛውን ምት ተቀብሎ ጨርሷል፣ ባለቤቶቹም ይህን ያውቃሉ። ስሚዝ በ1993 ውሉ ካልተሻሻለ አልጫወትም ብሎ ሁለት ጨዋታ ቀረ፤ ዳላስ ሁለቱንም ተሸነፈ፣ ከዚያ ከፈሉት። በዚያው የውድድር ዘመን ዋንጫውን በሉ። ባሪ ሳንደርስ ደግሞ በ1999፣ የወልተር ፔይተንን የዚያን ጊዜ የጠቅላላ ሩጫ ክብረ ወሰን ለመያዝ 1,457 ያርድ ብቻ ሲቀረው፣ በ31 ዓመቱ ለትውልድ ከተማው ለዊቺታ ጋዜጣ ፋክስ ልኮ ጫማውን ሰቀለ። በገዛ እግሩ ከሜዳ መውጣቱን እንደ ሽንፈት የሚጽፉ አሉ፤ እኛ ግን በዕድሜው ከሠራው ሁሉ ብልህ ውሳኔ እንለዋለን።

ስለ ጭንቅላት። ከ2013 ጀምሮ ኳስ የያዘ ተጫዋች በክፍት ሜዳ ላይ የሄልሜቱን አናት ደፍቶ ቢመታ ይቀጣል። ተደጋጋሚ ምት በአንጎል ላይ የሚያመጣው ሲቲኢ የሚባል በሽታ በእርግጠኝነት የሚረጋገጠው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ በዚህ ምክንያት በጊዜ አይቶ ማዳን አይቻልም። ሄልሜት የራስ ቅልን ይጠብቃል እንጂ አንጎል በውስጡ እንዳይናወጥ አያደርግም። የእኛ ልጆች ደግሞ ሄልሜትም የላቸውም። ተመትቶ ያዞረው፣ ራሱን ያመመው፣ ወይም የሆነውን ያላስታወሰ ልጅ የዚያን ቀን አይመለስም። ካስታወከ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ከዚህ ሙያ ወሎ ሊወስደው የሚችል ነገር ካለ የፔይተን ዳገት ነው። ፔይተን በቺካጎ ቤርስ 13 የውድድር ዘመን ተጫውቶ የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ 16,726 ያርድም ሮጧል። በዕረፍት ወራት በኢሊኖይ አንድ ቁልቁለታማ ኮረብታ እየደጋገመ ይወጣ ነበር። እነሱ ዳገት ፈልገው ይሄዳሉ፣ እኛ ጦሳ ተራራ ሥር ነው የምንኖረው። አደራረጉ እንዲህ ነው፦ 40 ሜትር የሚሆን ሣር ወይም አፈር ያለው ዳገት ይመረጣል፣ አስፋልት አይሆንም። መጀመሪያ 15 ደቂቃ ማሟሟቅ። ከዚያ 6 ጊዜ መውጣት፣ በየሳምንቱ አንድ እየጨመሩ እስከ 10። ሲወርዱ መራመድ ብቻ፤ ቁልቁል መሮጥ ጉልበትንና የጭን ጡንቻን ይጎዳል። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች በየመሃሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ዕረፍት ይሰጥ። ጉልበት መነሳት ሲያቆም፣ ቁጥሩ ባይሞላም ልምምዱ እዚያ ያበቃል። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል።

ለጨዋታው ደግሞ ፍላግ ፉትቦል አለ፤ በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ይካተታል። ከእያንዳንዱ ወገን አምስት ሰው ይሰለፋል፣ መመታት የለም። ወገብ ላይ ከታሰሩት ሁለት ጨርቆች አንዱ ሲነጠቅ ሩጫው ይቆማል። ሯጩ ጨርቁን በእጁ ከሸፈነ ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ ስልክ ላይ የሚያዩትን፣ ተከላካይን በመዳፍ መግፋት፣ እዚህ ላይ መርሳት አለባቸው። ሜዳው ርዝመቱ 50 ያርድ፣ ወርዱ 25 ያርድ ሆኖ በሁለቱም ጫፍ አሥር አሥር ያርድ ይጨመርበታል፤ የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ላይ በኖራ ማስመር ይቻላል።

አዘጋጁን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ወደፊት ስለ ራኒንግ ባክ ስትጽፉ ከያርዱ ጎን ኳሷን የያዘበትን ቁጥርም አትሙልን፦ ስሚዝ 18,355 በ4,409፣ ፔይተን 16,726 በ3,838፣ ሳንደርስ 15,269 በ3,062፣ ጂም ብራውን 12,312 በ2,359።

ከአክብሮት ጋር
በደሴና በኮምቦልቻ የምንገኝ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን