የካሜሊያ ችግኞቻችንን ስለመትከል
የተከበራችሁ የአትክልት ቡድናችን አባላት፣

የካሜሊያ ችግኞቻችንን የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በጋራ የአትክልት ቦታችን ስለምንተክል፣ እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን። ካሜሊያ የሻይ ተክል የቅርብ ዘመድ እንደመሆኗ የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) መጠኑ ከ5.5 እስከ 6.5 የሆነና ውኃ የማይተኛበት አፈር ስለሚስማማት፣ በየግቢያችሁም ለመትከል ያሰባችሁ ከቦታው አንድ እፍኝ አፈር ለምርመራ ይዛችሁ ኑ፤ አካፋና ጓንትም አይዘንጋ።

ሥሯ ከመሬት ወለል ብዙ ስለማይርቅ አጥብቄ የማሳስበው የጉድጓዱን ጥልቀት ነው። ባለፈው ዓመት በጥልቀት የቀበርኳት ችግኝ ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ፣ እምቡጦቿም ሳይፈኩ አንድ በአንድ ሲረግፉ አይቻለሁ። ስለዚህ ችግኟ ከነአፈሯ ስትቀመጥ የአፈሩ አናት ከመሬቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

ከዛፎቹ ጥላ ሥር ወይስ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኘው አጥር ጥግ እንትከል የሚለውን መወሰን ስላለብን፣ ምርጫችሁንና መገኘት አለመገኘታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁን።