ከሽልማቱ በኋላ ኮዱን ማን ይጠብቀዋል?

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ወጣት ፕሮግራመሮች ስለሚወዳደሩባቸው መድረኮች ጋዜጦች ሲዘግቡ እናነባለን። ሥራው ይታያል፣ ይጨበጨባል፣ ላፕቶፕና ምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ኮዱም «ለሁሉም ክፍት ነው» ተብሎ ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የሆነውን የሚጠይቅ የለም። እኛ የምንጽፍላችሁ ስለዚያ ስለ «ወዲያ» ነው።

ተማሪዎች የቅሬ (ሌላው አገር እድር የሚለው) መዋጮ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠሩ እንበል። ወሎ ውስጥ ቅሬ የሌለው ሰፈር ማግኘት ስለሚከብድ ፈላጊው ብዙ ነው። ፕሮግራሙ ግን ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን አድርጎ ይቆጥራል። 2016፣ 2017 እና 2018 ያለ ችግር ያልፋሉ። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በ2019 ነው። የዚያን ዕለት ሰው ቢሞትና ገንዘብ ያዡ ለሐዘንተኛው ቤት የወጣውን ሊመዘግብ ቢቀመጥ፣ ፕሮግራሙ «የተሳሳተ ቀን» ብሎ ይመልሰዋል። በዚህም አያበቃም። የቀን መቀየሪያው መስከረም 1ን ሁሌ ሴፕቴምበር 11 አድርጎ የያዘ ከሆነ፣ የ2020 አዲስ ዓመት የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ስለሆነ እስከ የካቲት ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይዛነፋል።

ይህን ለማረም አሥር መስመር ኮድ አይፈጅም። የሚታጣው ሰው ነው። ጸሐፊዎቹ ያን ጊዜ ተመርቀው ሄደዋል፤ የዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) ሒሳብ የተከፈተው በአንዳቸው የግል ኢሜይል ነው፤ ፓስወርዱ የእሱ ብቻ ነው። በአንጻሩ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ የጤና መረጃ ሥርዓት ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም የተለቀቀ) ሆኖ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ይቀበላል። ልዩነቱ የጉብዝና አይደለም። እዚያ ስህተት ሲገኝ ተመድቦለት፣ ደመወዝ ተቆርጦለት የሚያርም ሰው አለ።

ክፍት ምንጭ ሲባል ብዙ ሰው ወጪ የሌለው ይመስለዋል። ኮዱ በነፃ ይወርድ እንጂ ስህተቱን እያረመ የሚያቆየው ጠባቂ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የዓለምን የኢንተርኔት ምሥጢር የሚጠብቀው ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው ክፍት ምንጭ ፕሮግራም፣ ሃርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ በተገኘበት እ.ኤ.አ. በ2014 በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ባንኩም መንግሥቱም ይጠቀምበታል፤ የሚያዋጣለት ግን አልነበረም።

ከዚህ የከፋው በኤክስዜድ ላይ የደረሰው ነው። ኤክስዜድ በአብዛኛው የሊኑክስ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፋይል መጭመቂያ ነው፤ ለዓመታት የተሸከመው አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። መድከሙን በተናገረበት ሰሞን ማንነታቸው የማይታወቅ ጸሐፊዎች «ሥራው ተጓተተ፣ ለሌላ አስረክብ» እያሉ ወተወቱት። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ረዳት ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሲያግዝ ቆይቶ ቁልፉን ከያዘ በኋላ፣ 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት ዕትሞች ውስጥ ድብቅ በር አስገባ። የተደረሰበት እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ነው፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ከርቀት ወደ ኮምፒውተር ለመግባት የሚወስደው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ያህል መርዘሙ ከንክኖት ሲመረምር አገኘው። ደክሞት ብቻውን የቀረ ጠባቂ ቁልፉን መጀመሪያ ለመጣ ደግ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ለጠባቂው መክፈልን እኛ ከደኅንነት ወጪ እንቆጥረዋለን።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ወሎ ውስጥ ይህ ሲነሳ የመጀመሪያው መልስ «እንደ ቅሬ እናዋጣ» ነው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ግን አይሠራም። ቅሬን ያቆመው ደግነት ብቻ አይደለም። መዋጮ ያስቀረ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ማን ይቆምልኛል የሚል ፍርሃት አለበት፤ ቀብር የቀረም ይቀጣል፣ ጎረቤቱም ያውቀዋል። ክፍት ምንጭ ይህ ጅራፍ የለውም። ያልከፈለውም ከከፈለው እኩል ያወርዳል፣ እኩል ይጠቀማል፤ ኮዱ የተለቀቀበት ፈቃድ ራሱ ይህን ያዝዛል። በይሉኝታ የተጀመረ መዋጮ ሦስተኛው ወር ላይ ይቀዘቅዛል።

ለሽያጭ የሚቀርበው ምላሽ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ስልክ ሲደወል የሚያነሳ ሰው ግን ለከፈለ ነው። ውሉ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ለጥያቄ በሁለት የሥራ ቀን መልስ፣ መረጃ የሚያጠፋ ስህተት ከሆነ በአምስት ቀን ማረሚያ፣ በወር አንድ ጊዜ መጠባበቂያ ቅጂው ከልብ እንደሚመለስ መፈተሽ፣ በዓመት ሁለት ሥልጠና። የማይሸፍነውም ይጻፍ። ፕሪንተር ማስተካከል፣ ቫይረስ ማጽዳትና አዲስ ገጽታ (ፕሮግራሙ ያልነበረው አዲስ አገልግሎት) መጨመር ውሉ ውስጥ የሉም። ይህች ዐረፍተ ነገር ከሌለች ጠባቂው በሁለት ወር ውስጥ የቢሮው ሁሉ ቴክኒሻን ይሆናል።

ሒሳቡን በብር እናስላው። አርባ ተቋማት (ትምህርት ቤት፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ አቅም ያለው ቅሬ) በወር 500 ብር ቢከፍሉ 20,000 ብር ይሆናል። ሁለት ጠባቂዎች እያንዳንዳቸው በሳምንት አሥር ሰዓት ቢሠሩ በወር 80 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 200 ብር ሒሳብ 16,000 ብር። ለሰርቨር፣ ለዶሜይንና ለዳታ 2,000፣ ለመጠባበቂያ ገንዘብ 2,000። ግብር ሳይነሳ ማለት ነው። ክፍያው ትንሽ ነው ያለ አልተሳሳተም፤ ለትርፍ ሰዓት ሥራ ግን ያስኬዳል። አሁን የመጠባበቂያ ገንዘቡን ፍጥነት እዩት። በወር 18,000 ብር ወጪ ሒሳብ ለስድስት ወር የሚበቃ ጥሪት 108,000 ብር ነው፤ በወር 2,000 እየተቆጠበ 54 ወር፣ አራት ዓመት ተኩል ይፈጃል። የውድድር ሽልማት ወይም ዕርዳታ ሲገኝ ወደዚህ ሣጥን ይግባ የምንለው ለዚህ ነው። በተግባር የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ አዳዲስ ላፕቶፖች ይገዛሉ፣ አዲስ ገጽታ ይጀመራል፣ ዕርዳታው ሲያልቅ የሚጠበቀው ኮድ እጥፍ ሆኖ ጠባቂው ያው አንድ ነው።

ሰርቨርና ዶሜይን የሚከፈሉት በውጭ ምንዛሪ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን ይህ ወጪ በብር ሲሰላ በየዓመቱ አንድ አይሆንም። ነጥብ ኮም የሆነ ዶሜይን እስከ አሥር ዓመት ድረስ አስቀድሞ መክፈል ይቻላል፤ ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ቢያንስ አምስቱን መክፈል ያዋጣል።

ከመንግሥት ቢሮ ጋር ለሚዋዋል ደግሞ ሁለት ነገር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ የሚዘጋጀው ቀደም ብሎ ስለሆነ ሰኔ ላይ ይዞት የሄደ ሰው ለከርሞ ይባላል። ሁለተኛው፣ ክፍያው «የሶፍትዌር ግዢ» ተብሎ አይቅረብ። ኦዲተሩ «በነፃ የሚወርደውን ለምን ገዛችሁ?» ቢል መልስ የለም። «የጥገናና የሥልጠና አገልግሎት» ይባል፤ ደግሞም ነው። አንድ ከፋይ ግን ከጠቅላላ ገቢው ሲሶ በላይ ባይይዝ ይመረጣል፤ ኃላፊው ሲቀየር ውሉም አብሮ የሚቀየርበት ጊዜ አለ።

ያለ ሕጋዊ ሰውነት የባንክ ሒሳብም ደረሰኝም የለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ያሉት ማኅበር በጠቅላላ ጉባኤ እየተመራ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። አዋጁ የአስተዳደር ወጪን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ ላይ ይገድባል። የጠባቂዎቹ ክፍያ በግዴለሽነት «ደመወዝ» ተብሎ ከጽሕፈት ቤት ወጪ ጋር ከተደባለቀ፣ ከላይ ባየነው ስሌት 80 በመቶ ያህል ይሆንና ማኅበሩ ሕግ የጣሰ ይመስላል። ኮድ መጠበቅ የማኅበሩ ዓላማ ራሱ ስለሆነ ገና ከመተዳደሪያ ደንቡ ጀምሮ እንደ ፕሮጀክት ሥራ ይጻፍ። ሌላው የሚዘነጋው የቅጂ መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ተቀጣሪ በሥራው የፈጠረው የአሠሪው ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ኮድ ሲያዋጣ የአለቃው የፈቃድ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። ኮዱ የሚለቀቅበትን ፈቃድ ዓይነት ደግሞ ከታወቁት ምረጡ፤ ኤምአይቲ ወይም ጂፒኤል። በራስ አማርኛ አዲስ ፈቃድ መጻፍ ጠበቃ ማብላት ነው።

ወደ አመራሩ እንምጣ። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ2018 ከብቸኛ ወሳኝነቱ ሲወርድ በእሱ ቦታ አምስት ሰዎች ያሉት ተመራጭ ጉባኤ ተተካ፤ ከአንድ ቀጣሪ ከሁለት በላይ እንዳይገቡም ተደነገገ። ይህ ደንብ እንዳለ ተቀድቶ ለእኛም ይሆናል። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከአንድ ቢሮ ሁለት ሰው ይበቃል። ብዙ ክፍት ምንጭ ፕሮግራሞችን በያዘው አፓቼ ፋውንዴሽን ውስጥ ለድምፅ ቢያንስ 72 ሰዓት መስጠት የተለመደ ነው። እኛ ጋ መብራትና ኔትወርክ ስለሚጠፋ ሰባት ቀን ይሁን። በሰባት ቀን ውስጥ ተቃውሞ ካልመጣ ዝምታው ስምምነት ነው። ፒያሳ ቡና ላይ ወይም በርጫ ላይ የተባለ ነገር ግን ጽሑፍ ላይ እስኪወጣ ድረስ ውሳኔ አይባል፤ ወልድያ ያለው አባል አልሰማም።

የመሪ ዋና ሥራው «አይሆንም» ማለት ነው። አንዱ ቅሬ ዕቁብ ይጨመርልን ይላል፣ ሌላው በስልክ መልእክት ይላክልን ይላል፣ ሦስተኛው የሠርግ ድንኳን ኪራይ ይመዝገብልን ይላል። ሁሉም ጥሩ ነው፣ ሁሉም ጠባቂ ይፈልጋል። ጠቃሚ ሆኖ ያገኘነው ደንብ ይህ ነው፦ አዲስ ገጽታ ያመጣ ሰው ለአንድ ዓመት ራሱ ሊጠብቀው በስሙ ይፈርማል፤ ካልፈረመ አይገባም። ያኮረፈ ኮዱን ይዞ ጎጆ መውጣት ይችላል፤ ፈቃዱ አይከለክለውም። ስሙን ግን ይዞ አይሄድም። ስምና ዓርማ የማኅበሩ መሆኑ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ለአዲስ ገቢ ደግሞ ሊጨርሰው የሚችል ሥራ መርጦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የወሎ አባላት መዝገብ ውስጥ ሰይድ፣ ሰኢድ፣ ሰዒድ ተብሎ የተጻፈ ስም ሞልቷል፤ ዓሊና አሊ፣ ሐሰንና ሀሰንም እንዲሁ። ገንዘብ ያዡ አንዱን አጻጻፍ ሲፈልግ ሌላውን ስለማያገኝ አንድ አባል ሁለቴ ይመዘገባል። መፍትሔው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ለፍለጋ ብቻ እንደ አንድ ፊደል መቁጠር ነው። ሰይድና ሰኢድ ግን ድምፃቸውም ስለሚለያይ ለእነሱ የተጓዳኝ አጻጻፍ ሠንጠረዥ ይጨመራል። ጀማሪ የሚሳሳተው የተመዘገበውን ስም ራሱን ሲቀይር ነው፤ ያኔ ደረሰኙ ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም። ይህን በሁለት ቅዳሜ የሚጨርስ ተማሪ አይጠፋም፣ በ48 ሰዓት ውስጥ «አይተነዋል» የሚለው ካገኘ። ለሦስት ሳምንት መልስ ያላገኘ ልጅ ተመልሶ አይመጣም።

ገንዘብ ሲገባ ጠብ አብሮ ይገባል። ለተጻፈ ኮድ በመስመር መክፈል ኮዱን ያስረዝማል፣ በነፃ የሚያግዘውንም ያስቀይማል። ማንም በፈቃዱ ለማይሠራው ይከፈል፦ ስልክ ማንሳት፣ አዲስ ዕትም ፈትሾ ማውጣት፣ መጠባበቂያ ቅጂ መመለስ። ገቢና ወጪው በየወሩ አባል ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። የባንኩ ፊርማ በሁለት ሰው፣ የዶሜይኑና የኮዱ ማከማቻ ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ ይሁን፤ ወደ ሒሳቦቹ ለመግባት በመጠባበቂያነት የሚሰጡት የምሥጢር ቁጥሮች በወረቀት ታትመው በታሸገ ፖስታ ከማኅበሩ ማኅተም ጋር ይቀመጡ።

የኔትወርክ መጥፋትን ሰዎች ከሚፈሩት በላይ መቋቋም ይቻላል። የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት በተባለው ፕሮግራም ሲሠራ የኮዱ ሙሉ ታሪክ በእያንዳንዱ አባል ኮምፒውተር ላይ አለ። «ጊት ባንድል» በተባለው ትእዛዝ ታሪኩ ሁሉ አንድ ፋይል ሆኖ ፍላሽ ላይ ይጫናል፤ ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ ይመጣል። በዚህ መንገድ የማይመጣው ጊትሀብ ላይ የተጻፈው ውይይትና የስህተት ዝርዝር ነው፤ እሱ ከኮዱ ጋር አይገለበጥም። ስለዚህ ውሳኔዎች በተራ የጽሑፍ ፋይል እዚያው ከኮዱ ጎን ይቀመጡ።

የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ ስለ ተሸላሚ ፕሮግራም ስትዘግቡ፣ ዘጋቢያችሁ ሁለት ጥያቄ ይጨምርልን፦ ዶሜይኑ የተመዘገበው በማን ስም ነው? ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ገንዘብ ያዡ ሲደውል ስልኩን የሚያነሳው ማነው?

ከሰላምታ ጋር፤
ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ የምንሠራ አንባቢዎቻችሁ፣ ደሴ