ለመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ፦ መድኃኒቱ ምኑን እንደሚያክም በግልጽ ይጻፍልን

ክቡር ኃላፊ፣

ኦቲዝም ያለበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አባት ነኝ። ልጄ ሪስፔሪዶን ሲታዘዝለት «ከሰው ጋር ያቀራርበዋል» ተብዬ ነበር። ራሱን መምታቱ በእርግጥ ቀንሷል፤ ይህን ውለታ አልክድም። እኩዮቹ ሲጫወቱ ግን ዛሬም ጀርባውን ሰጥቶ የጠርሙስ ክዳኖቹን በየቀለማቸው ይደረድራል፤ የምግብ ፍላጎቱ ስለጨመረም ሱሪው ከወገቡ አልዘጋ ብሏል።

ጥፋቱ የመድኃኒቱ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሪስፔሪዶንን እ.ኤ.አ. በ2006፣ አሪፒፕራዞልን በ2009 የፈቀደው ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ለሚታይ ብስጭትና ቁጡነት እንጂ ለማኅበራዊ ግንኙነት ችግር አይደለም። ሁለቱ መድኃኒቶች በዋናነት የሚሠሩት የአንጎል መልእክት አመላላሽ ኬሚካሎች በሆኑት በዶፓሚንና በሴሮቶኒን ተቀባዮች ላይ ሲሆን፣ ፊትን ማንበብና የሌላውን ሐሳብ መገመት ግን አሚግዳላን (ስሜትን የሚያስተናግደውን የአንጎል ክፍል)፣ ከጆሮ በላይ ያለውን የአንጎል ክፍልና የፊተኛውን አንጎል የሚያስተሳስር ሰፊ መረብ ሥራ ነው፤ ይህን መረብ በአንድ ኬሚካል ማቃናት እስካሁን አልተሳካም።

ብዙ ተስፋ የተጣለበት ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ነበር። በእንስሳት ላይ መተሳሰርን እንደሚያጠናክር ስለታየ፣ ኦቲዝም ያለባቸው፣ ከ3 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 290 ልጆች በተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ሙከራ፣ ግማሽ ያህሉ ለ24 ሳምንታት ኦክሲቶሲን፣ የቀሩት ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒቱ የሌለበት ፈሳሽ፣ በአፍንጫቸው ተነፋላቸው። ከሰው መሸሻቸው በሁለቱም ወገን ቀነሰ፤ የቀነሰውም በተቀራራቢ መጠን ነው። ቫሶፕሬሲን የተባለውን ሌላ ሆርሞን ተቀባይ የሚዘጋው ባሎቫፕታን የተባለው መድኃኒትም ከፕላሴቦ ሳይሻል ቀርቷል።

የፕላሴቦው ነገር እኔን ይመለከተኛል። መድኃኒቱ በተጀመረ በሳምንቱ በማስታወሻ ደብተሬ «ዛሬ ዓይኔን አየኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። ከዚያ በፊት አይቶኝ እንደሆነ ግን መዝግቤ አላውቅም። ተስፋ ያደረገ ወላጅ ምስክርነቱ እንዲህ ነው፤ ስለዚህ የእኛን ምስጋና እንደ ማስረጃ አትቀበሉ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በእሽጉ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ፣ ከደቃቁ ጽሑፍ በፊት፣ መድኃኒቱ ለቁጡነት እንጂ ለመግባባት ችግር እንዳልተፈቀደ ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረም በኋላ የልጁ ክብደትና የደም ስኳር እንዲለካ ግዴታ ይደረግ። «የፍቅር ሆርሞን» እየተባለ ለኦቲዝም የሚቸበቸበው የኦክሲቶሲን የአፍንጫ መርጪያ ደግሞ ከነማስታወቂያው ይታገድ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አባት