የአሉሚኒየሙ ቀዳዳ ከየት ይመጣል?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ቀልጦ የተሠራ የአሉሚኒየም ዕቃ ሲቆረጥ ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቶ ከተገኘ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ቁርጥራጩን ያመጣው ቁራሌው ነው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ድስትና መለዋወጫ ለምታቀልጡ ሁሉ፣ ዋናው ጥፋተኛ እርጥበት መሆኑን ለማስረዳት ነው የምጽፈው።

የቀለጠ አሉሚኒየም ውሃ ሲያገኝ ኦክስጅኑን ይይዝና ሃይድሮጅኑን ይውጠዋል። በ660 ዲግሪ፣ መቅለጫው ላይ፣ ፈሳሹ የሚይዘው ሃይድሮጅን ጠጣሩ ከሚይዘው 20 እጥፍ ገደማ ነው። ሲረጋ ያ ጋዝ ማደሪያ ያጣል፤ መውጫም ስለሌለው አረፋ ሆኖ ይቀራል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚውጠው ይብሳልና "ደህና ይፍላ" እያሉ 850 ማድረስ ዕቃውን ማበላሸት ነው። ለአብዛኛው ሥራ ከ700 እስከ 740 ይበቃል። ይህን በዓይን መገመት አይቻልም፤ ቴርሞካፕል የሚባለው የሙቀት መለኪያ ያስፈልጋል።

ከጦሳ ተራራ ጉም በሚወርድበት ክረምት ደጅ ያደረ ቁርጥራጭ በቀጥታ አይገባም። ቁርጥራጩም፣ መቅጃውም፣ ማማሰያውም፣ ላዩ ላይ የሚበተነው ጨውም አስቀድሞ በደንብ ይሙቅ፤ ጨው ራሱ እርጥበት ይስባል። ዘይትና ግራሶም ሃይድሮጅን ስላላቸው ይታጠቡ፣ ከዚያ ይድረቁ። እርጥብ ቁራጭ የቀለጠው ውስጥ ከሰጠመ ደግሞ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የቀለጠውን አሉሚኒየም ይረጨዋል። ሰው ይገድላል።

መለየትም አለ። ፒስተን 12 በመቶ ገደማ ሲሊከን ስላለው እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ ስስ ቦታም ይሞላል። የመስኮት ፍሬም ሲሊከኑ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ለብቻው ሲቀረጽ እየረጋ ሳለ ይሰነጠቃል። የለስላሳ ጣሳ ስስ ስለሆነ ብዙው ይቃጠላል። የብረት ቡሎንና ቀለበት ሳይነቀል ከገባ፣ ወይም ማቅለጫው ያልተቀባ የብረት ድስት ከሆነ፣ ብረቱ ይሟሟል፤ 1 በመቶ ሲያልፍ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ሠርቶ ዕቃውን ተሰባሪ ያደርገዋል። በእርሳስ የተበየደ ራዲያተር ለምግብ ድስት ፈጽሞ አይሁን።

ቀዳዳውን ሳይቆርጡ የሚያውቁበት ዘዴ አለ። 268 ግራም የሚመዝን ቁራጭ በክር አንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ መመዘን ነው። ቀዳዳ ቁራጩን ስለሚያሰፋው ውሃው ይበልጥ ያነሳዋል፤ 168 አካባቢ ካሳየ ደህና ነው፤ 161 ካሳየ ከ6 በመቶ በላይ ባዶ ነው። ይህን በየቅልጡ መመዝገብ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ያለበለዚያ በ540 ዲግሪ አሙቆ፣ ውሃ ውስጥ አጥልቆ፣ እንደገና በ155 ዲግሪ ለሰዓታት ማቆየት የሚባለው ማጠንከሪያ፣ 0.3 በመቶ ገደማ ማግኒዥየም ላለው የሲሊከን ቅይጥ እጅግ የሚጠቅመው ሥራ፣ ከንቱ ይሆናል፤ የተዘጋው ጋዝ ምድጃው ውስጥ ተነፍቶ ገጹን ያሳብጠዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራን ነው። ተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ጥናታቸውን ከውጭ በመጣ ንጹሕ ቅይጥ ብቻ ከሚሠሩ፣ ከእነዚህ ሠራተኞች ምድጃ የወጣውን ናሙና ይውሰዱ፤ የሐምሌውን ከጥር ጋር ያነጻጽሩ፤ ሃይድሮጅኑን እንዲያወጣ የቀለጠው ውስጥ ደረቅ ናይትሮጅን በግራፋይት ቱቦ ለ10 ደቂቃ ሲነፋበት የናሙናው የውሃ ውስጥ ክብደት ስንት እንደሚለወጥ ይለኩ። ውጤቱንም በአማርኛ ጽፈው ለአቅላጮቹ ይመልሱላቸው።

የብረታ ብረት ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ