ለመዋዕለ ሕፃናታችን የመጫወቻ መገንቢያ እንጨቶች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ወላጆችና የትምህርት ወዳጆች፤

የመዋዕለ ሕፃናታችን መምህርት ልጆቻችንን ማስተማር የሚጀምሩት ፊደልና ቁጥር በማስጠናት ሳይሆን፣ ሕፃናቱ በእጃቸው የሚይዙትን፣ የሚደረድሩትንና የሚያፈርሱትን ነገር በመስጠት ነው። አንድ ሕፃን የሠራው ግንብ ሲወድቅበት ቀጥ አድርገው አያቆሙለትም፤ አጠገቡ ዝቅ ብለው ተቀምጠው «ለምን የወደቀ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁታል፤ መልሱን እስኪያገኝም በትዕግሥት ይጠብቁታል። ሕፃኑ የተናገረውን በማስታወሻቸው ይመዘግቡና በማግስቱ ትንሽ ከበድ ያለ ሥራ ያዘጋጁለታል። ጨዋታ ንባብን ያዘገያል ብለው የሚሰጉ ወላጆች መኖራቸውን እናውቃለን፤ ሆኖም «ከሥር»፣ «ከላይ»፣ «ይረዝማል»፣ «እኩል ነው» እያለ ሥራውን የሚያስረዳ ልጅ ቋንቋውን እያበለጸገ፣ ጣቶቹንም እርሳስ ለመያዝ እያጠነከረ ነው ብለን እናምናለን።

ይህ አካሄድ አዲስ አይደለም። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1837 የሕፃናት ማስተማሪያ ተቋም የከፈተው ፍሪድሪክ ፍሮበል ትምህርቱን የመሠረተው በኳስ፣ በኪዩብና በሲሊንደር ነበር። ዛሬ የምንጠይቃቸው እንጨቶች ደግሞ አሜሪካዊቷ መምህርት ካሮላይን ፕራት በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ባወጣችው ልክ የሚሠሩ ናቸው። የመሠረታዊው እንጨት ውፍረት የስፋቱ ግማሽ፣ ስፋቱም የርዝመቱ ግማሽ፣ የረጅሙ እንጨት ርዝመትም የዚሁ እጥፍ በመሆኑ፣ ረጅም እንጨት ያጣ ሕፃን ሁለት አጫጭሮችን ገጥሞ ቦታውን ይሞላል፤ በዚህም የክፍልፋይን ስም ከመስማቱ አስቀድሞ ግማሽ ምን እንደሆነ በእጁ ያውቀዋል። ልኩ ያልተስተካከለ እንጨት ግን ይህን ሊያስተምር አይችልም።

አሁን በክፍሉ ያሉት እንጨቶች ጥቂት ስለሆኑ፣ አንዱ ልጅ እንዲሠራ የሌላው ሥራ መፍረስ አለበት። መምህርቷ አንድ ሥራ ለቀናት ሳይፈርስ ቆይቶ እንዲያድግ ይፈልጋሉ፤ ሕፃን ሐሳቡን የሚያሻሽለው ትናንት የሠራውን ዛሬ ሲያገኘው ነውና። ስለዚህ ለመላው ክፍል የሚበቃ የእንጨት ስብስብ፣ ሕፃናት ራሳቸው አንሥተው የሚመልሱበት ዝቅ ያለ መደርደሪያና ሥዕላዊ መጻሕፍት ለማሟላት ተነሥተናል።

የእንጨት ሥራ ባለሙያ የሆናችሁ በሙያችሁ ብትረዱን ከገንዘብ ባላነሰ እናመሰግናችኋለን። እንጨቱ ጠንካራና በደንብ የደረቀ፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ፣ አፍ ውስጥ የማይገባ መጠን ያለው እንዲሆንና እርሳስ (ሊድ) የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም እንዳይቀባ አደራ እንላለን። በገንዘብ የምትረዱ የአቅማችሁን ያህል ለወላጆች ኮሚቴ ገቢ አድርጋችሁ ደረሰኝ እንድትቀበሉ እንጠይቃለን፤ ኮሚቴውም የገቢና የወጪውን ዝርዝር በወላጆች ስብሰባ ላይ ያቀርባል። ከልጆቻችሁ የተረፉ ያልተቀደዱ ሥዕላዊ መጻሕፍት ካሏችሁ በቀጥታ ለመምህርቷ ማስረከብ ትችላላችሁ።