በሕመሜ ጊዜ ከጎኔ ለቆማችሁ ሁሉ

የተወደዳችሁ ወገኖቼና የሙያ ጓደኞቼ፤

ስትሮክ መትቶኝ ሆስፒታል በገባሁ ጊዜ ቀኝ እጄ ኪቦርድ መጫወት ይቅርና ማንኪያ መያዝ ተስኖት ነበር። ባለፈው ወር ግን ትንሿ ኢትዮጵያ በሚባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈራችን ባዘጋጃችሁልኝ ምሽት መድረክ ላይ ወጥቼ ተጫወትኩ። የእቁብ ገንዘባችሁን ሳይቀር ለሕክምናዬ የሰጣችሁ፣ ባለቤቴን እያሳረፋችሁ በተራ ያስታመማችሁኝ፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈላችሁ።

በዚያ ምሽት ወጣቶቹ "እነዚያ ሽማግሌ ዲጄዎች እነማን ናቸው?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ልንገራችሁ፤ ምስጋናዬም ያለ እነሱ ጎዶሎ ነው።

የዚህ ከተማ ራፕ ሲነሳ ብዙ ሰው ታሪኩን ኤን ደብሊው ኤ ከተባለው የራፕ ቡድን ይጀምራል። ይህ ቅር ያሰኘኛል፤ ከዚያ በፊት ኤሌክትሮ የተባለው በከበሮ ማሽን የሚሠራ የጭፈራ ሙዚቃ ነበርና። የኤን ደብሊው ኤው ዶክተር ድሬ ራሱ ቀድሞ ወርልድ ክላስ ሬኪን ክሩ በተባለ የኤሌክትሮ ቡድን ውስጥ ነበር። አንክል ጃምስ አርሚ የተባሉት ዲጄዎች የከተማችንን ስፖርት አሬና የሚያህል ግዙፍ አዳራሽ ያስጨፍሩ ነበር። የሁላችንም ልብ ምት ሮላንድ ቲአር 808 የተባለው የከበሮ ማሽን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ወጥቶ በ1983 ምርቱ ቆመ። ድምፁ እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ስለተናቀ ያገለገለው በርካሽ ይሸጥ ጀመር፤ የድሃ ልጆች እጅ የገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ ያኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁ፣ እንግሊዝኛ በቅጡ የማልናገር፣ ርካሹንም ማሽን መግዛት የማልችል ስደተኛ ነበርኩ። እነዚያ የጠየቃችሁኝ ሽማግሌዎች፣ ያኔ በአቅራቢያችን ያለችው የኮምፕተን ከተማ ልጆች፣ የራሳቸውን አውሰው አስተማሩኝ። የእስክስታችንን ምት፣ ችክችካን፣ ወደ ማሽኑ ለማስገባት ስታገል አብረውኝ ያነጉ ነበር። ማሽኑ 16 የምት አዝራሮች አሉት፤ የእነሱ ምት በአራት በአራት ስለሚከፈል ልክ ይመጣል፣ የእኛ ግን በሦስት በሦስት ይሄዳል። ዙሩን 12ኛው አዝራር ላይ ቆርጠን እንደገና ስናስጀምረው እስክስታው ከነሕይወቱ መጣ! በላዩ ላይ በአንቺሆዬ ቅኝት ስጫወት "ይህ የማን አገር ሙዚቃ ነው?" አላሉኝም፤ "ድገመው" አሉኝ እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ1984 በከተማችን በተካሄደው ኦሎምፒክ መዝጊያ የብሬክ ዳንስ ተወዛዋዦች ኮሊሲየም ስታዲየምን ሲሞሉት እነዚሁ ጓደኞቼ አጠገቤ ነበሩ። ኢትዮጵያ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወግና በውድድሩ አልተሳተፈችም። ሯጮቻችንን ባለማየቴ አዝኜ ስለነበር፣ በዚያው ሌሊት ሰፈራቸው ባለው ጭፈራ የእኔን ችክችካ አሰሙልኝ።

ዘንድሮ ማሽኑን ተሸክመው ማገገሚያ ክፍሌ ድረስ የመጡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋም በደስታ ተቀብላ ጣቶቼን በአዝራሮቹ ላይ አለማመደችኝ፤ ለእሷም ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከዝግጅቱ የተረፈው ገንዘብ በከተማችን ለሚታመም ሌላ ሙዚቀኛ እንዲቀመጥ ከኮሚቴው ጋር ተስማምተናል። አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ የዚያን ዘመን ካሴቶቼን ያስቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ቅጂውን ለኮሚቴው ብትሰጡልኝ ውለታችሁ እጥፍ ይሆንልኛል። እኔ ዘንድ አንድም አልቀረም፤ ወጣቶቹም መስማት ይፈልጋሉ።

አክባሪ ወንድማችሁ